ሰው አፍሩ

ልጆቼ፣ ብዙዎቻችሁ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ቲም ሊደር፣ የክፍል ኃላፊ፣ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆናችኋል። በእኛ ጊዜ እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነበር። ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ ሌላ ኃላፊ ማፍራት ዋናው ሥራችሁ ነው እንጂ ጊዜ ሲተርፋችሁ የምትነካኩት ነገር አይደለም።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ባንክ ቤት ነው። አንድ ሥራ አስኪያጅ ሰው እያፈራ መሆኑን ለማወቅ የዓመት ፈቃድ ሲወጣ ማየት ይበቃል። የውክልና ደብዳቤ ተጽፏል፣ ማህተም ተመቷል፣ ግልባጩ ለሚመለከታቸው ሁሉ ደርሷል። ተወካይዋ ወንበሩ ላይ ናት። ደንበኛ ሲመጣ ግን ስልክ ታነሳለች፤ "ጋሼ፣ ይሄን ልፈርምለት?" እሱም ከሐዋሳ ሆኖ "ቆይ፣ እኔ ስመጣ" ይላል። ደንበኛው ሰኞ ና ይባላል። ልጅቷ በዚያ ሁሉ ቀን ምን ተማረች? መደወል!

ስልጠናውማ ሞልቷል። ቢሾፍቱ ሆቴል ይያዛል፣ አበል ይከፈላል፣ ሰርተፍኬት ይታደላል። አልጠላውም፣ ጥሩ ጥሩ ነገር ይነገርበታል። ሰኞ ቢሮ ሲገባ የሚወስነው ነገር ያልተሰጠው ሰው ግን በሁለት ሳምንት ይረሳዋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድን እዩ። ሲጀመር ሥራውን ይመሩት የነበሩት ከአሜሪካው አየር መንገድ ከቲደብሊውኤ የመጡ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የተሾሙት እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጅቷል። ከዚያ ወዲህ ግን ከታች የሚያሳድገው የራሱ ሰው አለው። አቶ ተወልደ ገብረማርያም ካርጎ ውስጥ ጀምረው እ.ኤ.አ. በ2011 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2022 የተኳቸው አቶ መስፍን ጣሰው ደግሞ በኢንጂነርነት ገብተው፣ ለዓመታት ኦፕሬሽኑን መርተው፣ ከሹመቱ በፊት ቶጎ፣ ሎሜ ሄደው አስካይ የተባለውን አየር መንገድ መርተዋል። እኔን የሚገርመኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት። ሰውየው ትልቁን ከመያዛቸው በፊት ሙሉ ድርጅት በእጃቸው ገብቶ ነበር።

እናንተ አየር መንገድ የላችሁም፣ ግን የምትሰጡት ነገር አታጡም። ወሰኑን ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሩ፤ "እስከዚህ ብር ድረስ ራስሽ ወስኚ፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ንገሪኝ።" ከወሰነች በኋላ እናንተ ብትሆኑ ሌላ ነገር ታደርጉ የነበረ ቢሆንም አትሻሩባት። ከተሳሳተች በር ዘግታችሁ ንገሯት፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይደለም። ሪፖርቱን የሠራው ልጅ ዲስትሪክት ሄዶ ራሱ ያቅርበው፤ እናንተ አጠገቡ ተቀመጡ፣ ጥያቄ ሲመጣም ቀድማችሁ አትመልሱለት። ይሄ ከሁሉም ይከብዳል።

"ካስተማርኩት ወንበሬን ይወስዳል" የሚል ፍርሃት እንዳለ አውቃለሁ። የዕድገት ኮሚቴ ውስጥ ብዙ ተቀምጫለሁ። ጎበዝ ሥራ አስኪያጅ ስሙ ይነሳና አንዱ "እሱን ካነሳነው ቅርንጫፉን ማን ይይዘዋል?" ይላል። ዝም እንባባላለን። ከዚያ ወደሚቀጥለው ስም እናልፋለን። ተተኪ ያላፈራ ሰው እዚያው ወንበሩ ላይ ይቀራል።

ማንን ልያዝ ካላችሁ፣ ስብሰባ ላይ ብዙ በሚያወራው ብቻ አትሸወዱ። ሲስተም ሲቋረጥ፣ ሒሳብ አልዘጋ ሲል፣ ደንበኛ ሲጮህ፣ ሌሎቹ ሠራተኞች ማን ጋ እንደሚሮጡ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ጥግ ላይ የተቀመጠች፣ ማንም ለሹመት ያላሰባት ልጅ ናት። ነገ ጠዋት ጥሯትና አንድ ሥራ ከነሙሉ ውሳኔው ስጧት።