ቱምቢውን አትርሱ

ልጆቼ፣ እኔ ድሬዳዋ ውስጥ ከፒያላና ከመሮ ጋር ያረጀሁ አናጢ ነኝ። ሲኤንሲ ራውተር፣ ኮምፒውተር እያዘዘው የሚቀርጸውን ማሽን፣ የነካሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ኮምፒውተሩ ላይማ ትበልጡኛላችሁ። ግድግዳን ግን አውቃለሁ።

ወይም አውቃለሁ ብዬ ነበር። አንድ ጊዜ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ ለአሮጌ ቤት ሳሎን ግድግዳ የሚለብስ ኤምዲኤፍ፣ ከእንጨት ብናኝ በማጣበቂያ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ፣ አዘዙኝ። ስፋቱን ከላይ በኩል ብቻ ለክቼ ወደ ድሬ ተመለስኩ። ማሽኑ የሐረግ ቅርጹን ቁልጭ አድርጎ ቀረጸው። ጭነን፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጥተን ልንገጥመው ስንል ግድግዳው ታች ላይ 3 ሴንቲ ይጠባል። የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ መች ቀጥ ብሎ ያውቃል? ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የምናይበት ባለ ክብደት ገመድ፣ ቱምቢው፣ ድሬ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ጠርዙን በእጅ መጋዝ ስቆርጠው የሐረጉ ግማሽ አብሮ ሄደ። የቤቱ እመቤት ምንም አላሉኝም። ቡና አፈሉልኝ። እሱ ባሰብኝ።

ከላይም፣ ከመሃልም፣ ከታችም ለኩ። ኤምዲኤፉን ሁለት ሦስት ቀን እዚያው ቤት አሳድሩት፤ የድሬና የሐረር አየር አንድ አይደለም። እርጥብ ግድግዳ ላይ ጭራሽ እንዳትገጥሙት፣ ያብጣል።

ወደ ማሽኑ ስንመጣ፣ ጀማሪ ሲፈራ ቢቱን፣ እየዞረ የሚቆርጠውን ስለታም ጫፍ፣ ቀስ አድርጎ ያስኬደዋል። አቦ፣ ጥፋቱ እሱ ነው! በደቂቃ 18,000 ጊዜ የሚዞር ቢት ወደፊት ካልሄደ መቁረጡን ትቶ መፋተግ ይጀምራል። ይግላል፣ ስለቱም ይሞታል። ባለ ሁለት ስለት ቢት በዚያ ዙር በደቂቃ 3,600 ሚሊ ቢሄድ እያንዳንዱ ስለት 0.1 ሚሊ ይነክሳል። ጠርዙ ከጠቆረ ወይም የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ቢቱ እያሻሸ ነው።

ጫፉ በሾለው በ90 ዲግሪ ቪ ቢት ስትቀርጹ ደግሞ ጠረጴዛው ደልዳላ መሆኑን እዩ። ኤምዲኤፉ አንድ ጥግ ላይ ግማሽ ሚሊ ከፍ ካለ ቢቱ እዚያ ጋ ጠልቆ ይገባና መስመሩ አንድ ሚሊ ይሰፋል። ግማሽ ሚሊ ምን አላት ትሉ ይሆናል። ቀለም ተቀብቶ መብራት ከጎን ሲያርፍበት ታዩአታላችሁ።

መብራት መቼም ይጠፋል። ብዙው ማሽን ሲመለስ የት እንደነበረ አያስታውስም። ዜሮ የያዛችሁበትን፣ ማሽኑ መለካት የሚጀምርበትን ቦታ፣ በእርሳስ አስምሩ።

ማስክ በድሬ ሙቀት ያፍናል፣ አውቃለሁ። አድርጉት። የኤምዲኤፍ ብናኝ እንደ ጣውላ ሰጋቱራ አይደለም፤ በጣም ደቃቅ ነው፣ ማጣበቂያውም ፎርማልዲሃይድ የሚባል ጎጂ ኬሚካል አለበት። እኔ ዘግይቼ ነው የጀመርኩት፤ ሌሊት ሌሊት ያስለኛል።

ቅርጽም ስትመርጡ ሁሉንም ከኢንተርኔት አታውርዱ። የሐረር ቤት ግቡና ግድግዳው ላይ የተደረደረውን ስፌት እዩ። ቀለሙ፣ ክቡ፣ መስመሩ እንዴት እንደሚገናኝ ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩት።

ከዓመታት በኋላ እዚያ ቤት ሄጄ ነበር። እመቤቲቱ የተቆረጠችው ሐረግ ላይ አንድ ትልቅ ስፌት ሰቅለውባታል። ከኔ ሥራ ይልቅ እሱ ያምራል።