አንድ ሚሊሜትር

ባለፈው ሳምንት አንድ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቤቴ መጣ። ትሮምቦን፣ ያን ቱቦው እየተሳበና እየተገፋ የሚነፋውን መሣሪያ፣ መማር ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አሜሪካ ያለው አጎቱ አንድ ሊልክለት ቃል ገብቶለታል። «ጋሼ፣ ባክ ይሻለኛል ወይስ ኪንግ?» አለኝ። ሁለቱም የትሮምቦን ሥሪት ስም ናቸው። ቡናው እስኪፈላ ስልኩን አውጥቶ ሁለቱንም አሰማኝ። ሌላ ወሬ አምጥቼ፣ መልስ ሳልሰጠው ሸኘሁት። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ይህን የምጽፈው ለእሱና እንደ እሱ ለሚጠይቁ ልጆች ነው።

በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኦርኬስትራ እሠራ ነበር። ሁለት ትሮምቦን ነበረን። አንዱ ኪንግ 3ቢ፣ ያረጀ፣ ቀለሙ የተላላጠ። ሌላው ባክ 42ቢ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቫልቭ ያለው። የኪንጉ ቱቦ የውስጥ ስፋት 12.9 ሚሊሜትር ነው፣ የባኩ 13.9። ልዩነቱ 1 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ትንፋሽ ግን ወዲያው ያውቀዋል። ኪንጉ ገና እፍ ስትለው ይመልስልሃል። ድምፁ የጠራ ነው፣ ጫፍ አለው። ባኩ ብዙ አየር ይፈልጋል። ድምፁ ወፍራምና ክብ ነው፣ ከሌላው መሣሪያ ጋር ይዋሃዳል። ሲምፎኒ የሚጫወቱት ሰፊውን፣ የጃዝና የዳንስ ባንድ ሰዎች ጠባቡን የሚወዱት ለዚህ ነው። ቫልቩም ቢሆን ጌጥ አይደለም። ስላይዱን፣ ማለትም ተንሸራታቹን ቱቦ፣ ይዘህ ክንድህን እስከ ስድስተኛው ፖዚሽን፣ እስከ ስድስተኛው ማቆሚያ ቦታ፣ ዘርግተህ የምታገኘውን ታችኛውን ዶ፣ በአውራ ጣትህ ስትጫነው እዚያው አንደኛው ላይ ይሰጥሃል።

እኔ በማዕረግ ስለምበልጥ ባኩን ወሰድኩ። ኪንጉ ከእኔ በኋላ ለተቀጠረው ልጅ ደረሰ። ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነበር።

አንድ ክረምት ለዝግጅት እዚህ ጅማ መጣን። የጅማን የሐምሌ ዝናብ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አዳራሹ ቆርቆሮ ነበር። ዝግጅቱ እንደተጋመሰ ዝናቡ ወረደ፣ መብራት ጠፋ፣ ማይክሮፎኑ ሞተ። ሰዎች ፋኖስ አመጡ። ተራው የትዝታ ነበር፣ ሶሎው ደግሞ የእኔ። ተነሥቼ ነፋሁ። ድምፄ ከመጀመሪያው ወንበር አላለፈም፤ የቆርቆሮው ጩኸት ዋጠው። መሪያችን በእጁ ቁጭ በል አለኝና ወደ ልጁ ዞረ።

ልጁ እስከዚያች ሰዓት ኪንጉን ኮቱ ውስጥ አቅፎት ነበር። ሲቀዘቅዝ ቅኝቱ ዝቅ እንደሚል ያውቃል። ሲነፋ ድምፁ ዝናቡን ሰንጥቆ ወጣ። አልጮኸም እኮ! ቀስ ብሎ ነበር የነፋው። ከኋላ የቆሙት ሳይቀሩ ጸጥ አሉ። አንዲት ትልቅ እናት ከወንበራቸው ተነሥተው መጡና ብር ግንባሩ ላይ ለጠፉለት። ፋኖሱ ብሩ ላይ ሲያበራ ዛሬም ይታየኛል።

አዲስ አበባ እንደገባን በማግስቱ ቢሮ ሄድኩ። «በማዕረግ ቀዳሚው እኔ ነኝ፣ ኪንጉ ለእኔ ይገባል» አልኩ። ተፈቀደልኝ። ይህ ሳያንስ የባኩን መንፊያ፣ ማውዝፒሱን፣ አስቀረሁበት። የራሴ ነው ብዬ ዋሸሁ። የኪንጉ ማውዝፒስ ቱቦው ውስጥ የሚገባው እግሩ ቀጭን ነው፣ ባኩ ውስጥ ይወላከፋል። ልጁ ወረቀት እየጠቀለለበት ነፋ። አየሩ በጎን ያመልጣል፣ ቅኝቱ አይገኝም፣ ከንፈሩ ያብጣል። ሲቸገር እያየሁ ዝም አልኩ። አራት ወር እንኳ አልሞላም፣ ሌላ ሥራ ጠይቆ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

እኔስ ኪንጉን ይዤ ያንን ድምፅ አገኘሁት? አላገኘሁም። ቶሎ ይነሳልኛል፣ ይጠራል፣ ግን የእኔው ድምፅ ነበር። ጅማ ላይ የሰማሁት የልጁን ነበር።

መምህሬ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ስለ አርባዎቹ የአርመን ልጆች ማውራት ይወዱ ነበር። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን፣ ሙዚቀኛው ኬቮርክ ናልባንዲያን ባንድ አድርገው ያሠለጠኗቸውን ማለቴ ነው። «እነዚያ ልጆች የተሰጣቸውን ዕቃ ነፉ፣ ማን መረጠላቸው?» ይሉን ነበር። ያኔ ነገሩ አልገባኝም።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። በየቀኑ ተለማመድ የሚለውን አልነግርህም፣ ታውቀዋለህ። የዛሬ ልጆች አንድ ነገር ቅር ያሰኘኛል። የመሣሪያ ስም ከነቁጥሩ በቃላችሁ ትይዛላችሁ፣ ድምፅ ግን በስልክ ትመርጣላችሁ። የስልክ ድምፅ ማጉያ ትንሽ ነው፣ ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም። ባክና ኪንግ የሚለያዩት ደግሞ በአብዛኛው እዚያ ነው። ኮን 88ኤች የሚባለውን ሌላ ትሮምቦን በስልክ ብትሰማው ምኑም አይገባህም። አፉ መዳብ የበዛበት ነሐስ ስለሆነ ለስለስ ያለ፣ ሞቅ ያለ ድምፅ አለው፤ ይህን የምትሰማው ክፍሉ ውስጥ ስትኖር ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልመስክር፤ እናንተ ለመጠየቅ አታፍሩም። እኛ እናፍር ነበር።

መሣሪያ ሰው አይሠራም፤ ግን ምን ልግዛ ካልከኝ ጠባቡን ግዛ። የምትጫወተው ከሳክስና ከኪቦርድ ጋር፣ ሠርግ ላይ ነው። ባክ 42 ለዚያ ይከብድሃል። ኪንጉ ከተወደደ፣ ያገለገለ ያማሃ 354 ይበቃሃል። ቱቦው 12.7 ሚሊሜትር ነው፣ ለተማሪ የተሠራ ነው፣ ግን ታማኝ ነው። አጎትህ ከመክፈሉ በፊት ስላይዱን ያስፈትሽ። ቀጥ አድርገው ይዘው ሲለቁት ሳይንተፋተፍ መውረድ አለበት። ስላይዱ ከታመመ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። የማውዝፒሱን እግር ስፋትም ይጠይቅ።

ጡረታ ስወጣ ኪንጉን ለንብረት ክፍል አስረክቤያለሁ። የባኩ ማውዝፒስ ግን እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ብሩ ተልጦ ቢጫው ወጥቷል። ሚስቴ ቤት ስታጸዳ ደጋግማ «ይሄ ምንድነው?» ብላኛለች፣ አልነገርኳትም። ያ ልጅ ዛሬ በሕይወት ካለ ስልሳውን አልፏል። ከናንተ መካከል ድሮ ትሮምቦን ይነፋ የነበረ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ አባት ወይም አጎት ያለው ካለ፣ ማውዝፒሱ ጅማ እኔ ዘንድ እንዳለ ይንገርልኝ።

አንተም ቅዳሜ ከሰዓት ና። ስልክህን ቤት ተወው።