በርጋ ረግረግ ላይ በነሐሴ መጨረሻ ስለምትታየዋ ነጭ ክንፍ ወፍ ለጠየቅከው

ወንድሜ፣ «ከነሐሴ 20 እስከ ጳጉሜ መጨረሻ አዲስ አበባ ነኝ፤ በርጋ ሄጄ ነጭ ክንፏን ፍላፍቴይል የማየት ዕድል አለኝ ወይ? ሰው ሁሉ ክረምት ለወፍ አይሆንም ይለኛል» ብለህ ጠይቀሃል። ከሥር የተሰጡህን መልሶች አየኋቸው። ግማሹ «ኅዳር ላይ ና» ይልሃል። ኅዳር ብትመጣ የሚጠብቅህ የታጨደ ሣር ነው። ይህች ከድርጭት የምታንስ የረግረግ ወፍ በርጋ ላይ የምትገኘው ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው፤ ረግረጉ ውሃ ሲይዝ፣ ሣሩ ጉልበት ሲደርስ ገብታ ትፈለፍላለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ወሬዋ የሚሰማው ከደቡብ አፍሪካ ነው። ስለዚህ በጊዜው አልተሳሳትክም። እኔ የተዋረድኩትም ልክ በዚሁ ሰሞን ስለሆነ አንተ እንዳትደግመው ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

ስለ ባይኖኩላር ምርጫና ስለ ወፍ መጽሐፍ አልነግርህም። ይህችን ወፍ በስሟ ጠርተህ የጠየቅክ ሰው ያን ሁሉ አልፈኸዋል።

1. ወደ ረግረጉ የምትሄድበትን የፈቃድ ደብዳቤ ከመምጣትህ ብዙ ሳምንት ቀድመህ ጨርስ። እኔ በ2005 ክረምት 8 ቀን የዓመት ፈቃድ ወስጄ (ያንተም ቀን ከዚያ ብዙም እንደማይበልጥ እገምታለሁ) «ደብዳቤው የአንድ ጠዋት ጉዳይ ነው» ብዬ ወጣሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ቢሮ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን ጥበቃው ቦርሳዬን ፈትሾ ባይኖኩላሩን አወጣና «ይሄ የጦር ዕቃ ነው» ብሎ እስከ ምሳ ሰዓት በር ላይ አቆመኝ። ሁለተኛው ቀን ጸሐፊዋ ቀና ብላ ሳታየኝ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» አለች። ከሰዓት ስመለስም ስብሰባ። ሦስተኛው ቀን ኃላፊው ተገኙ። ማመልከቻዬን አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት፤ ከዚያ ቢሮ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ «ወፍ ለማየት ነው ደብዳቤ የምትጠይቀው? ቤትህ ዶሮ የለም እንዴ?» አሉኝ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ሻይ የምታቀርበዋ ልጅ ሳትቀር ሳቀች። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ሒሳብ ሳልሳሳት የዘጋሁ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ ቀን ግን ራሴን እንደ ቂል ቆጥሬ አላውቅም።

ከ8 ቀኔ ሦስቱ እንደዚያ ሄዱ። የሠራሁት ስሕተት ሁሉ የመጣው ከዚያ ንዴት ነው። «ያለ እነሱ እሄዳለሁ!» አልኩ።

2. ደላላ አትያዝ። በርጋ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ በአምቦ መንገድ 60 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። መንገድ ላይ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ባይኖኩላሩን አንገቴ ላይ ሲያይ አንድ ወጣት መጣ። «የረግረጉ ጠባቂ አጎቴ ነው፤ ወፏን ካላየህ ገንዘብህን እመልሳለሁ» አለኝ። 600 ብር ከፈልኩ። የዚያን ጊዜ 600 ብር ዛሬ ስንት እንደሚሆን አንተው አስላው። (አጎት የሚባል ነገር እንዳልነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው።)

ልጁ ዳር ላይ አላቆመኝም፤ ቀጥታ መሐል ይዞኝ ገባ። ውሃው ከቦቲዬ በላይ ነበር። ከሥሩ ያለው ጥቁር መረሬ አፈር ደግሞ አንዴ እግርህን ከያዘ ወዲያ አይለቅም፤ ቀኝ ቦቲዬን እዚያው ውጦ አስቀረው፣ በካልሲ ቀጠልኩ። በዚህ ላይ ስልኬ ላይ የጫንኩትን «የወፏ ድምፅ» ከፍ አድርጌ አጫወትኩ። የእሷ ይሁን የእንቁራሪት ማን ያውቃል! ድምጿ በእርግጠኝነት የተለየው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሚድልፑንት የሚባል ረግረግ ላይ ሰዎች ካሜራና መቅጃ ተክለው ከደከሙ በኋላ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ እንደምትፈለፍል የተረጋገጠውም እዚያው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። እኔ በ2005 ምን ይዤ እንደነበር እግዜር ይወቀው።

ከዚያ ከእግሬ ሥር አንድ ወፍ ብር አለች። ክንፏ ጀርባ ላይ ነጭ አየሁ። «አየኋት!» ብዬ ጮህኩ፤ ልጁም አብሮኝ ጮኸ፣ ገንዘቡ ሊጸድቅለት ነዋ።

ጩኸታችንን የሰሙ የመንደሩ ሰዎች መጡ። ሁለት ሴቶች፣ አንድ ጎረምሳ፣ አንድ በትር የያዙ አዛውንት። ደላላዬ እንዴት እንደተሰወረ እስካሁን አልገባኝም፤ ከወፏ ይፈጥናል። አዛውንቱ በኦሮምኛ ተናገሩ፣ ጎረምሳው ተረጎመልኝ፦ «በዚህ ወር ላሞቻችን እንኳ እዚህ አይገቡም። አንተ ከላሞቻችን በምን በልጠህ ነው የገባኸው?»

መልስ አልነበረኝም። አንተም ብትሆን አይኖርህም። ወፏ ጎጆዋን የምትሠራው ከሣሩ ሥር፣ ከውሃው ጥቂት ከፍ አድርጋ ነው፤ የአንድ ቦቲ እርምጃ ይበቃታል። ሰዎቹ ከብታቸውን በመፈልፈያዋ ወራት የሚያርቁት ትርፍ መሬት ኖሯቸው አይደለም። በዓለም ላይ ከዚህች ወፍ ለመራባት የደረሱት ከ250 እንደማይበልጡ ነው የሚገመተው፤ በእኔ እግር ሥር ስንት እንቁላል እንደነበረ ሳስብ ዛሬም ደስ አይለኝም። ዳር ወጥቼ አንድ ግንድ ላይ አስቀመጡኝ። ይቀጡኛል ስል አንደኛዋ ሴት እግሬን የምታጠብበት ውሃ አመጣችልኝ። ከቢሮው ሳቅ ይልቅ ያ ውሃ ነው ያሳፈረኝ።

አላበቃም። ማታ አዲስ አበባ ገብቼ በአንድ እግር ቦቲ መሆኔን ረስቼ ፌስቡክ ላይ «ነጭ ክንፏን ፍላፍቴይል በርጋ ላይ አየሁ!» ብዬ ለጠፍኩ፤ የገባሁበትን ቦታ ሳይቀር። «እንኳን ደስ አለህ» እንደ ዝናብ ወረደብኝ። በማግስቱ ወፍ የሚያውቁ አንድ ጋሼ አጭር ጥያቄ ጻፉልኝ፦ «ምንቃሯ ረጅም ነበር አጭር?» አላየሁም፤ ከኋላዋ ነው ያየኋት። «ነጩ የክንፏ ጠርዝ ላይ ብቻ እንደ ክር ነበር ወይስ የክንፏን የኋላ ክፍል የሸፈነ?» ክር። እንደ ክር ነበር። ያየኋት ስናይፕ ነበረች፤ ረጅም ቀጥ ያለ ምንቃር ያላት፣ ረግረግ ሁሉ ላይ ያለች ወፍ። ልጥፉን ሳጠፋው ቦታውን የገለበጡ ሰዎች ቀድመውኝ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት መኪና ሙሉ ሰው እዚያ ሄዶ እንደነበር ቆይቼ ሰማሁ። ስለዚህ ብታያትም ቦታውን በዝርዝር አትለጥፍ። አደራ!

3. እሷን ብቻ ብለህ ሌላውን አትለፍ ልልህ ነበር፣ እኔ ግን ራሴ ያለፍኩት ስለሆነ የማስተምርበት አፍ የለኝም። በዚያ ዓመት የቀረኝን ቀን በብስጭት ቤቴ ተኝቼ አሳለፍኩት። መሄድ የነበረብኝ ገፈርሳ ነበር። ከአዲስ አበባ ሳትርቅ፣ በዚያው በአምቦ መንገድ፣ ግድቡ ዳር ሰማያዊ ክንፏን ዝይ አንገቷን ጀርባዋ ላይ አጥፋ ቆማ ታገኛታለህ፤ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለችም። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ትንንሽ የውሃ ዳር ወፎችም ነሐሴ ላይ መድረስ ይጀምራሉ፤ ሰው የሚጠብቃቸው ጥቅምት ላይ ነው፣ እነሱ ግን ቡሄን እዚህ ነው የሚያሳልፉት። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ጉሮሮዋ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ከሥሩ ጥቁር ሐብል ያሰረች ሎንግክሎው የምትባል አለች፣ እሷም የእኛው ብቻ ናት። ሩዤ ሬይል የሚሏት ቡናማ ወፍ ደግሞ ጅራቷን እያወናጨፈች ከእግርህ ሁለት እርምጃ ላይ ትመላለሳለች፤ ሰው አትፈራም። እኛና ኤርትራ ብቻ ነው ያለችው። የቡሄ ጅራፍ ገና ካልበረደ ግን ሜዳው በጩኸቱ ስለሚናወጥ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ጨርሰህ ውጣ፤ ልጆቹ ከነቁ ወፍ የለም።

የመስቀል ወፍንም እግረ መንገድህን እይ። በዓመት አንዴ ብቅ የሚልን ሰው «የመስቀል ወፍ» እንላለን አይደል? እኔ በልጅነቴ ከሌላ አገር የምትመጣ ይመስለኝ ነበር። እኛ ሰፈር በዚህ ስም የምንጠራው ቢሾፕ የሚባለው ቢጫና ጥቁር ወፍ ግን የትም አይሄድም። በጋውን ሙሉ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ለብሶ እዚሁ አጠገባችን ነው፤ ክረምት ሲገባ ወንዱ ልብሱን ይቀይራል፣ ያኔ እናየዋለን።

ወደ ዋናው ልመለስ። በ2006 ክረምት እንደገና ሄድኩ፣ በዚህኛው ግን እንደ ሰው። ግንቦት ላይ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጋ ጠየቅኩ፤ በርጋን ከአካባቢው ሰው ጋር ለረጅም ዓመታት ሲሠሩበት የኖሩት እነሱ ናቸው። ከደቡብ አፍሪካ ወገኖቻቸው ጋር ሆነው ለመንደሩ ትምህርት ቤት አሠርተዋል፤ ሰዉ ወፏን የሚጠብቅላት በባዶ እጅ ስለተሰበከ አይደለም። ከአካባቢው የጥበቃ ቡድን ሁለት ሰዎች ይዤ፣ ዳር ላይ፣ ውሃ ሳልነካ ሁለት ጠዋት ቆምኩ። የመጀመሪያው ቀን ድርጭት ብቻ። ሁለተኛው ጳጉሜ 3 ነበር፤ የሩፋኤል ዝናብ ከሌሊት ጀምሮ ሲወርድ አድሮ ሕፃናቱ ሁሉ ልብሳቸውን አውልቀው ይታጠባሉ። አንድ ጥጃ ከእረኛው አምልጦ ሣሩ ውስጥ ገባ። ልጁ ሊመልሰው ሮጠ። ከጥጃው ኮቴ ሦስት አራት ሜትር ያህል ርቃ ከድርጭት የምታንስ ወፍ ተነሳች፤ እግሯ ተንጠልጥሎ፣ ዝቅ ብላ፣ የክንፏ የኋላ ክፍል በሙሉ ወረቀት የመሰለ ነጭ። ክር አልነበረም። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ተመልሳ ሣሩ ውስጥ ወደቀች። ባይኖኩላሬን እንኳ አላነሳሁም፤ ካሜራዬ ቦርሳዬ ውስጥ ላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር።

አብሮኝ የነበረው ጠባቂ «አየሃት?» አለኝ። ምንቃሯን ጠየቅኩት፤ አጭር ነው አለኝ፣ እኔም አጭር ነው ያየሁት። ማስታወሻዬ ላይ ሰዓቱን ጻፍኩ፣ 1 ከ20። ለዚያ ጋሼ ስልክ ደወልኩላቸው እንጂ የትም አልለጠፍኩም። እሳቸውም ጥያቄያቸውን ሁሉ ደግመው ጠየቁኝ፤ ሁሉንም መለስኩ። «እሺ» ብቻ አሉ። ከሳቸው «እሺ» ማግኘት ለኔ ከዚያ ቢሮ ደብዳቤ ይበልጥብኛል።

አሁን የመንገዱን ሁኔታ ከመነሳትህ በፊት እዚያ ከሚኖር ሰው ጠይቅ፤ እኔ የምነግርህ የድሮውን ነው። ጧት 11 ሰዓት ተነስ። መኪናህን አስፋልቱ ዳር አቁም፣ በመረሬው ላይ ልንዳ አትበል፤ የሚያወጣህ በሬ ብቻ ነው፣ የበሬው ዋጋ ደግሞ ዝናቡ በጨመረ ቁጥር ይጨምራል። ስናይፕን ቀድመህ ገፈርሳ ላይ ስትበር ደጋግመህ እያት፣ ዓይንህ ይለያታል። ለጠባቂዎቹ የቀን አበላቸውን ሳትከራከር ክፈል።

ቦቲ ከሌለህ 42 ቁጥር ቤቴ አለ፤ አዲስ ነው የገዛሁት። የድሮው ግራ እግርም አለ፣ ጥንዱን ካገኘህልኝ እሱንም እሰጥሃለሁ።