ማን ይክፈል? መስኮቱስ ይከፈት?

ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች ይዤ ፒያሳ አንድ ካፌ ገባሁ። አንብቤ ስጨርስ ማኪያቶዬ ቀዝቅዟል። ትልቅ ነገር የጠየቀኝ ሰው የለም። ስለ ሒሳብ፣ ስለ ታክሲ መስኮት፣ ስለ ልደት ቀን ነው የጻፋችሁልኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። በትልቁ ጉዳይ ሽማግሌ ይላካል፣ ዘመድ ይሰበሰባል። በትንሹ ግን ሰው ብቻውን ነው የሚብሰለሰለው።

አንድ ነገር ደግሞ ታዘብኩ። ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ መልሱን ያውቁታል። አፋቸውን የያዘው ይሉኝታ ነው። በሉ እንጀምር።

ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምከፍለው

*ስታዲየም አካባቢ ያለ መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከአራት ባልደረቦቼ ጋር ማኪያቶ እንወጣለን። ሒሳብ ሲመጣ ሁሉም «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ይላል። ዞሮ ዞሮ ግን የምንከፍለው ያው ሁለታችን ነን። ደሞዜ ከሁሉም ያነሰ ነው። ምን ላድርግ?*

እህቴ፣ «እኔ ነኝ» ያለ ሁሉ ሊከፍል አይደለም። እኔ ለዓመታት ያጠናሁት ነገር ቢኖር ይሄ ነው። አንዱ የአስተናጋጇን እጅ ይዞ «ስሞት፣ እንዳትቀበይው!» ይላል፤ የራሱ እጅ ግን ኪሱ አልገባም። ሌላው እጁን ኪሱ ይከታል፤ እዚያው ይረሳዋል። ከምሩ ሊጋብዝ የመጣ ሰው አይጮህም። «እጄን ልታጠብ» ብሎ ይነሳና ካሸሯ ጋ ጨርሶ ይመጣል።

በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲመጣ ትግሉ ያበቃል ብዬ ነበር። ብሶበት አረፈው። አሁን «ኔትወርክ እንቢ አለኝ» የምትል አዲስ ማምለጫ ተገኘች። ስልኩን ወደ ጣሪያው ከፍ አድርጎ ኔትወርክ የሚፈልግ ሰው ካያችሁ፣ ሒሳብ መጥቷል ማለት ነው።

ለአንቺ የሚሆነው መላ እቤትሽ አለ። ዕቁብ። ዕቁብ ላይ ማንም «ስሞት እኔ ልክፈል» ብሎ አይታገልም፣ ምክንያቱም ተራ አለው። እናንተ አምስት ናችሁ፤ ሥራ የምትገቡበት ቀንም አምስት ነው። ከዚህ በላይ የተመቸ ዕቁብ የት ይገኛል? ግን አጀማመሩ ላይ ጠንቀቅ በይ። ሒሳቡን አንቺ በከፈልሽበት ቀን፣ ብሩ ገና ጠረጴዛው ላይ እያለ፣ እየሳቅሽ «ዛሬ ሰኞ የእኔ ነው፤ ማክሰኞን ማን ይውሰድ?» በይ። ሌላ ሰው በከፈለበት ቀን ካልሽው ስስት ይመስላል። አንቺ ከፍለሽ ስትይው ግን ጨዋታ ነው።

ሌላም አለ። አንዳንድ ቀን አለመውጣት ይቻላል። «ዛሬ ይቅርብኝ» ማለት ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማብራሪያ አይፈልግም።

መስኮቱ ይከፈት ወይስ ይዘጋ?

*ጠዋት ጠዋት ከሜክሲኮ ወደ አራት ኪሎ በሚኒባስ እሄዳለሁ። ታክሲው ሞልቶ ሁሉም መስኮት ድፍን ነው። አንዱ ያስላል፣ ሌላው ያስነጥሳል። ትንሽ ስከፍት ከኋላዬ ያሉ እናት «ልጄ ዝጋው፣ ብርድ ይመታኛል» ይሉኛል። ጉንፋን ከነፋስ እንደማይመጣ እንዴት ላስረዳቸው?*

አታስረዳቸው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጉልበትህ የሰው ጀርባ ተደግፎ፣ ስለ ቫይረስ ትምህርት አይሰጥም።

በነገሩ ግን ትክክል ነህ። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ ቫይረሱም የሚመጣው ከሰው ነው። አሥራ ምናምን ሰው ታጭቆ አንድ አየር እየተቀባበለ የሚተነፍስበት ዝግ ታክሲ ደግሞ ለእሱ ሠርግና ምላሽ ነው። የሳንባ ነቀርሳም የሚተላለፈው በአየር ነው፤ አየር በማይዘዋወርበት ዝግ ቦታ ይብሳል። መስኮት መክፈት ለእነዚህ ሁሉ ርካሹ መከላከያ ነው።

ግን ለእናታችንም ልፍረድ። መስኮት የከፈተ ሰው ነፋሱ አያገኘውም። ታክሲው ሲሮጥ ነፋሱ ሄዶ የሚያርፈው ከኋላው ባለው ሰው ፊት ላይ ነው። አንተ ንጹሕ አየር ታገኛለህ፤ እሳቸው የኅዳርን ውርጭ በጆሯቸው ይቀበላሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ያለው ብርድ ቀልድ አይደለም። ቫይረስ ባይሆንም ብርድ ብርድ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ሞክር። ከቻልክ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥና የራስህን መስኮት ክፈት፤ ከኋላህ የሚቆጣ ሰው የለም። ካልሆነ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ክፈተው። ከመክፈትህ በፊት ደግሞ ዞር በልና «እማማ፣ ትንሽ ብከፍተው ይረብሽዎታል?» በል። ሳይጠየቁ ሲከፈትባቸው የሚቆጡ እናቶች ሲጠየቁ «ኧረ ክፈተው ልጄ፣ ታፈንን እኮ» ሲሉ ስንቴ ሰምቻለሁ።

ልደቴ መቼ ነው?

*የተወለድኩት ጳጉሜ 6 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። ልደቴ በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። በዚያ ላይ ፌስቡክ ሁልጊዜ በእንቁጣጣሽ ቀን «እንኳን ተወለድሽ» ያሰኝብኛል። የቱን ልያዝ?*

ይቺን ጥያቄ ሁለቴ አነበብኳት፤ ጣፈጠችኝ።

ፌስቡክ አልተሳሳተም። ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው። 1987ም ዘመነ ሉቃስ ነበር። አንቺ የተወለድሽበት ቀን በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1995 ነው። ያቺው ሴፕቴምበር 11 በሌሎቹ ዓመታት ስትመጣ መስከረም 1 ላይ ትውላለች። ስለዚህ ስልክሽ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሞላሽው፣ በአራት ዓመት ሦስቴ ልደትሽ እንቁጣጣሽ ነው ማለት ነው። ከተማው ሁሉ አበባ ይዞ ይወጣልሻል። ምን ጎደለሽ?

እኔ ብሆን በሌላው ዓመት ጳጉሜ 5 አመሻሽ ላይ ቤቴን አሰናድቼ ከበዓሉ ዋዜማ ጋር አንድ ላይ እገላገለው ነበር። ዶሮው እንደሆነ ለማንኛውም ይሠራል። እውነተኛዋን ጳጉሜ 6 ግን በትልቁ አክብሪያት። የመጨረሻዋ በ2015 ነበረች፤ ተከታይዋ በ2019 ናት። ያን ቀን ማንም «ሥራ በዛብኝ» ቢልሽ አትስሚው።

ሦስት ሰዓት የማን ሦስት ሰዓት?

*አዲስ ሥራ ጀምሬያለሁ፤ መሥሪያ ቤቱ የውጭ ዜጎችም አሉበት። በቴሌግራም «ስብሰባ በ3፡00» የሚል መልእክት መጣ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተጣድፌ ደረስኩ። ለካ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ነው! ሁልጊዜ «በማን አቆጣጠር?» ብዬ መጠየቅ አላዋቂ አያስመስለኝም?*

አያስመስልህም። የሚያስመስለው ስድስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ነው፤ እሱም ቢሆን ትጉህ ነው እንጂ አላዋቂ አያሰኝም።

የእኛ ሰዓት ፀሐይን ተከትሎ ነው የሚሄደው። እዚህ አገር ፀሐይ የምትወጣበት ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ሰዓት በታች ነው ወዲህ ወዲያ የሚለው። ስለዚህ ቀኑን ከንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ መቁጠር ያስኬዳል። ሰሜን አውሮፓ ቢሆን አያስኬድም ነበር፤ በክረምታቸው በጣም አርፍዶ ነው የሚነጋላቸው።

በቀን ያለው የስድስት ሰዓት ልዩነት ቀላል ነው፤ ይለመዳል። ሰውን የሚበላው የሌሊቱ ነው። ከራሴ ልንገርህ። የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ቲኬቱን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ረቡዕ፣ 1፡20 ይላል። ስድስት ሰዓት ስጨምርበት ሌሊት ሰባት ሰዓት ከሃያ። ጎበዝ ነኝ አልኩ። ረቡዕ ማታ ራት በልቼ፣ ትንሽ ሸለብ አድርጌ፣ ሌሊት ቦሌ ሄድኩ። ልጁ የለም። ለካ አንድ ቀን ሙሉ አልፎታል፤ ሆቴል ይዞ ተኝቷል። ስልኬን ስደውልለት ያለኝን እዚህ አልጽፈውም።

ለምን? በፈረንጁ ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው። ሰዓቱን ለወጥኩ እንጂ ቀኑን አልለወጥኩም። በእኛ አነጋገር ያ አውሮፕላን የሚያርፈው ማክሰኞ ሌሊት ነው። አባቶቻችን ለዚህ ቃል ነበራቸው፤ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ» ይላሉ። አንድም ሰው አይሳሳትበትም። እኔ ከዚያ ወዲህ የሌሊት ጉዞ ሲመጣ በዚህ ቃል ካልተነገረኝ ከአልጋዬ አልነሳም።

ለስብሰባው ግን መጠየቅ ከከበደህ፣ አትጠይቅ፤ አረጋግጥ። «ከቀኑ 9 ሰዓት እገኛለሁ» ብለህ መልስ። ስህተት ከሆነ ያርሙሃል። «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» የምትለዋን ቃል ደግሞ አንተ ስትጽፍ አትዝለላት።

ቡና እና እንቅልፍ

*ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ ቡና እጠጣለሁ፤ ሌሊት ዐይኔ ፈጦ ያድራል። ጓደኞቼ «የለመደ ሰው ቡና አይነሳውም» ይሉኛል። እውነት ነው?*

ለእነሱ እውነት ሊሆን ይችላል። ሰው ይለያያል። እንደ መካከለኛ ግምት ግን ከጠጣኸው ካፌይን ግማሹ ከሰውነትህ የሚወጣው በአምስት ሰዓት ገደማ ነው። አሥር ሰዓት የጠጣኸው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ግማሹ አለ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እንኳ ሩቡ አለ። ሰዓቱን ወደ ስድስትና ሰባት ሰዓት ሳበው። ቤት ውስጥ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ ከሆነና እንቢ ማለት ካስቸገረህ፣ አቦሉን ዘለህ በረካው ላይ ድረስ። በዚያው ዱቄት ላይ ውኃ እየተጨመረ ስለሚፈላ ሦስተኛው ቀጠን ያለ ነው። ምርቃቱም እዚያ ላይ ነው።

ስፕሪስ መፍትሔ ነው ወይ ያልከኝን አልመልስም። ሻይና ቡና የሚቀላቅል ሰው ሁለቱንም አልወደደም ባይ ነኝ። ሻይም ካፌይን አለው።

ጉርሻ አልወድም

*ጉርሻ አልወድም። የባለቤቴ እናት ግን ባየችኝ ቁጥር በትልቁ ጠቅልላ ታጎርሰኛለች። እንዴት እምቢ ልበል?*

አትበል። አማትህ ናት። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ስለምትልህ ሁለተኛውም አይቀርልህም። አንድ ዘዴ ግን አለ። ቀድመህ አጉርሳት። ያጎረሰ ሰው እጁ ሥራ ላይ ነው፤ መጠኑንም አንተ በትንሹ ትጀምረዋለህ። ከዚያ የሷም ጉርሻ ሲያንስ ታየዋለህ።

ምልክቱ ፈረሰ

*ፒያሳ አካባቢ ነው ያደግኩት። ሰው ስቀጥር ሁሌ ዶሮ ማነቂያን ጠቅሼ ነበር የምነግረው። አሁን ሠፈሩ ፈርሷል። ምን ብዬ ልቅጠር?*

እኔም ይቸግረኛል። በ2016 ከፈረሰው በኋላ አንድ ጓደኛዬን «ድሮ ሥጋ ቤቱ የነበረበት ጋ» ብዬ ቀጠርኩትና አንድ ጎዳና ላይ ሃያ ደቂቃ ተፈላለግን። ሁለታችንም ያለነው ትክክል ቦታ ነበር፤ እያንዳንዳችን የምናስታውሰው ሥጋ ቤት ግን ሌላ ነው።

እንግዲህ ያልተነቃነቀ ነገር ይዘህ ቅጠር። አራዳ ጊዮርጊስ አለ፣ የምኒልክ ሐውልት አለ፣ ሰባ ደረጃ አለ። ልጆቹ ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያን ነው የሚያውቁት። ወደ ታች ከሆነ ብሔራዊ ቴአትር፣ አንበሳው ሐውልት ጋ። አንበሳው ስር የቀጠርከው ሰው ካልመጣ፣ መንገዱ ጠፍቶት አይደለም።

አምስት ብር

*ታክሲ ላይ ረዳቱ አምስት ብር መልሴን «ቆይ እሰጥሻለሁ» ይልና ይረሳዋል። ለአምስት ብር መጨቃጨቅ አፈርኩ።*

አትጨቃጨቂ። ልትወርጂ አንድ ፌርማታ ሲቀርሽ «መልሴን» በይው፣ ረጋ ብለሽ። «ወራጅ አለ» ካልሽ በኋላ ግን በሩን ሊከፍት ነው፤ ያኔ አይሰማሽም።