ወርቁ ፕሮቲን «ለበሰ» ወይስ ፕሮቲን «ተጣበቀበት»?

ጥያቄ፦ ስለ ናኖ ሕክምና፣ ማለትም በዓይን በማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ስለሚሰጥ ሕክምና፣ የተጻፈ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አንዱን ዓረፍተ ነገር «የደም ፕሮቲኖች ከብረት ናኖ ቅንጣቶች ጋር መስተጋብር ያደርጋሉ» ብዬ ጻፍኩት። ያነበበው ጓደኛዬ «ምንም አልገባኝም» አለኝ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ ሰዋስዉ ደህና ነው። ጓደኛዎም ግን እውነቱን ነው። አንባቢን የሚያደናቅፉት ሁለት ቃላት ናቸው፤ «ብረት» እና «መስተጋብር»።

ከ«ብረት» ልጀምር፤ የባሰው እሱ ነውና። በአማርኛ ይህ ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። አንዳንዴ ያንን የሚዝገውን አንዱን ማዕድን ብቻ ይጠራል። አንዳንዴ ደግሞ መዳቡንም፣ ዚንኩንም፣ ወርቁንም ጠቅልሎ ይይዛል። በሌላ ጉዳይ ላይ ቢሆን አንባቢ ከዐውዱ ይለየዋል። ደም ሲነሳ ግን «ብረት» የሚለው ቃል በቀጥታ ወደ ደም ማነስና ወደ ሄሞግሎቢን ይወስደዋል። ይባስ ብሎ ትራንስፈሪን የሚባል የደም ፕሮቲን አለ፤ ሥራው ብረት ተሸክሞ ማድረስ ነው። ስለዚህ የእርስዎ አንባቢ ፕሮቲኖች ብረት ይዘው ሲመላለሱ ይታየዋል። ጽሑፍዎ የሚያወራው ግን ከውጭ ስለሚገቡ የወርቅና የብር ቅንጣቶች ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ማዕድኑ የሚታወቅ ከሆነ በስሙ ይጥሩት፤ «የወርቅ ናኖ ቅንጣት» ይበሉ። ሁሉንም ማለት ካስፈለገ «የብረታ ብረት» የሚለው ይሻላል።

«መስተጋብር»ን በበኩሌ እወደዋለሁ። ከግእዝ «ገብረ»፣ ማለትም ሠራ፣ የመጣ ነው። ፊቱ ላይ ያለችው «መስተ» በ«መስተዋድድ» እና በ«መስተፋቅር» ላይ የምናውቃት ናት፤ ሁለት ነገር ታገናኛለች። ለርዕስ ግሩም ቃል ነው። «መስተጋብር ያደርጋሉ» ሲባል ግን ማን ማንን ምን እንዳደረገ አይታይም። ተዋጉም ተዋደዱም ያው ነው። ግሱን ለማግኘት ደም ውስጥ የሚሆነውን ማየት ያስፈልጋል።

የወርቅ ናኖ ቅንጣት ደም ውስጥ ሲገባ ራቁቱን አይቆይም። ወዲያው ፕሮቲኖች ይሰፍሩበታል። በብዛት የሚገኘው አልቡሚን ነው፤ በ1 ሊትር ፕላዝማ (የደም ፈሳሹ ክፍል) ውስጥ ከ35 እስከ 50 ግራም ገደማ አለ። ታዲያ ይህን በምን ግስ እንበለው?

«ቅንጣቱ ፕሮቲኑን ይመጥጣል» ብለው የሚጽፉ አሉ። ይህ ስህተት ነው። ስፖንጅ ውሃ ይመጥጣል፤ ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል። ፕሮቲኑ ግን ወርቁ ውስጥ አይገባም፤ ላዩ ላይ ነው የሚቀረው። «ይጣበቃሉ» ይቀርባል፤ ግን ፕሮቲኖቹ እርስ በርስ የተጣበቁ ሊመስል ይችላል። እዚህ ላይ «በት» የምትባለው ትንሽ ቅጥያ ታድነናለች። «ይጣበቁበታል»፣ «ይለጠፉበታል» ስንል ቦታው ተለየ። «ለበጠ» የሚለውም ቢታሰብ አይፈረድም። እሱ ግን ወርቁ ሌላውን ሲሸፍን የምንለው ነው። እዚህ የሚሸፈነው ራሱ ወርቁ ነው።

እኔ የምመርጠው «ለበሰ»ን ነው። ለምን እንደሆነ አንድ ያየሁትን ልንገርዎት። ኬሚስትሪ የሚያስተምር ወዳጄ የወርቅ ናኖ ቅንጣት ያለበት ውሃ አሳየኝ። ቀለሙ ቢጫ አይደለም፤ እንደ ወይን ጠጅ ቀይ ነው። ጨው ጠብ ሲያደርግበት ወዲያው ወደ ሰማያዊ ዞረ። ቅንጣቶቹ ተጓጉለው ነው። በሌላው ብልቃጥ መጀመሪያ በቂ አልቡሚን ጨመረ፤ ከዚያ ያንኑ ጨው። ቀይ እንደሆነ ቀረ! ፕሮቲኑ ወርቁን ከጨው ጋርዶታል። «ተለጠፈበት» ይህንን መከለል አይናገርም። «ለበሰ» ግን ይናገራል፤ ልብስ የሚለበሰው ለመሸፈንም ለመከለልም ነውና።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ሰውነት የሚያየው ወርቁን ሳይሆን የለበሰውን ነው። ልብሱ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካላትና ሌሎች የመከላከያ ፕሮቲኖች ካሉበት፣ ጠራጊ ሴሎች ለይተው ይውጡታል፤ ብዙውን ጊዜ ጉበትና ጣፊያ ላይ ይቀራል። ያው ቅንጣት ሌላ ቢለብስ መንገዱም ሌላ ሊሆን ይችላል።

በሳይንሱ ይህ ልብስ «የፕሮቲን ኮሮና» ይባላል። ስያሜው ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተለመደ ነው። ኮሮና በላቲን አክሊል ማለት ነው። በአማርኛም «ኮሮና» ብለን ብንተወው አንባቢ በሽታውን ያስባል። «አክሊል» ብንለው ደግሞ አናት ላይ ብቻ የተደፋ ይመስላል፤ ይህ ግን ዙሪያውን የሚከብብ ነው። «የፕሮቲን ልባስ» ብንለውስ? ሁለቱን ክፍሎችም በቀላሉ ይቀበላል። ከቅንጣቱ ጋር ሙጭጭ ያለውን «ጥብቅ ልባስ»፣ ከላይ ያለውንና ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጠውን «ልል ልባስ» እንበል። ስናነብ «ይጠብቃል፣ ይላላል» ማለት ለለመድነው ለእኛ እንግዳ አይሆንም።

በጽሑፍዎ ውስጥ ምናልባት የደም ተመራማሪው የሊዮ ቭሮማን ስም ያጋጥምዎት ይሆናል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ትኩረት ያደረገበት ነገር ይህ ነው፤ ደም አንድን ገጽ ሲነካ ብዙና ፈጣን የሆኑት ፕሮቲኖች ቀድመው ቦታ ይይዛሉ፤ ቆየት ብለው ደግሞ ቁጥራቸው አነስ ያለ፣ ግን ይበልጥ አጥብቀው የሚይዙት ይመጣሉ። ይህንን «ይፈራረቃሉ» ብለው እንዳይጽፉት አደራ። ቀንና ሌሊት ይፈራረቃሉ፤ የሄደው ይመለሳል። እዚህ ግን ዘግይቶ የመጣው ፕሮቲን የቀደመውን፣ ለምሳሌ ደም እንዲረጋ የሚያግዘውን ፋይብሪኖጅንን፣ ያስነሳዋል። እንደ ተከራይ «ያስለቅቀዋል» ማለት ነው። ግሱ ቤት ስለምናስለቅቅበት ብቻ ለሳይንስ አይሆንም የሚል ካለ አይስሙት። ከ«ይተካዋል» ይበልጥ ትክክል ነው፤ አዲሱ የሚገባው አሮጌውን አስወጥቶ መሆኑን ይነግረናልና።

እንግዲህ ያችን ዓረፍተ ነገር እንዲህ ብጽፋት ደስ ይለኛል፦ «የወርቅ ናኖ ቅንጣት ደም ውስጥ ሲገባ ወዲያው የደም ፕሮቲኖችን ይለብሳል፤ ቀድመው የደረሱትን ፕሮቲኖች ግን አጥብቀው የሚይዙት በኋላ ያስለቅቋቸዋል።» ረዘመች። ግድ የለም፤ ለጓደኛዎ መልሰው ያንብቡለት።