ማዕዘኑ የሚያመልጥ አንሶላ

ጥያቄ፦ ላስቲክ ያለው የጥጥ አንሶላ ከታጠበ በኋላ አጠረብኝ፤ ማዕዘኑ ከፍራሹ እየወጣ ያስቸግራል። «1000 ክር» የሚለውን ልግዛ?

መልስ፦ ችግሩ የልክ እንጂ የክር ብዛት (በአንድ ካሬ ኢንች ጨርቅ ውስጥ የሚቆጠረው የቁመትና የአግድም ክር) አይደለም። ጥጥ ሲታጠብ እስከ 5 በመቶ ሊያጥር ይችላል፤ ከ2 ሜትር ላይ 10 ሳንቲሜትር ሄደ ማለት ነው። የፍራሹን ውፍረትም ይለኩ። 25 ሳንቲሜትር ከሆነ የአንሶላው ጥልቀት ከ30 እስከ 35 ይሁን፤ ጠርዙ ከፍራሹ ስር በደንብ ካልገባ በተገላበጡ ቁጥር ይላቀቃል። ላስቲኩ በማዕዘኖቹ ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን የተሰፋውን ይምረጡ።

«1000» የሚለው ቁጥር አያታልልዎት። አንዳንድ አምራቾች አራት ቀጫጭን ክር አንድ ላይ ይገምዱና እያንዳንዱን ይቆጥሩታል፤ 250ው በዚህ 1000 ይሆናል። በነጠላ ክር የተሠራ ከ200 እስከ 400 ይበቃል። እጅዎን ከጨርቁ ኋላ አድርገው ወደ ብርሃን ይያዙት፤ ጣትዎ ጥርት ብሎ ከታየ ሳስቷል። ሲፈትጉት ዱቄት ካራገፈ ደግሞ ያጠነከረው ስታርች ነው፣ በመጀመሪያው እጥበት ይሄዳል።

ፖሊስተር የተቀላቀለበት ቶሎ ይደርቃል፣ ብዙም አይጨማደድም፤ ግን ላዩ ላይ ትንንሽ ፍሬ ፍሬ ያወጣል፤ የፖሊስተሩ ቃጫ ጠንካራ በመሆኑ ተጠቅልሎ ይቀራል እንጂ አይረግፍም። ለትራስ ልብስ ንጹሕ ጥጥ ይሻላል፤ አፉ ላይ 15 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ክዳን ካለው ትራሱ አይሾልክም።