አቧራና ደንቡ በፊኒክስ ዙሪያ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች መልስ

በአሪዞና ማሪኮፓ ካውንቲ፣ ማለትም በፊኒክስ፣ በሜሳ፣ በግሌንዴልና በአካባቢያቸው የምትኖሩ አንባቢያን ስለ አቧራ ቁጥጥር በርካታ ጥያቄ ልካችኋል። የፊኒክስ አካባቢ በፒኤም 10 ብናኝ (መጠናቸው ከ10 ማይክሮን የማይበልጥ፣ የሚተነፈሱ ደቃቅ ቅንጣቶች) ምክንያት ከ1996 ጀምሮ በፌዴራል መንግሥት “ከባድ” ከሚባለው መደብ የተመደበ ነው። የካውንቲው የአየር ጥራት መሥሪያ ቤት በአቧራ ላይ ጥብቅ የሆነውም በዚህ የተነሳ ነው።

ጥያቄ፦ ሰበካ ጉባኤያችን ለቤተ ክርስቲያን መሥሪያ አንድ ኤከር ተኩል ባዶ መሬት ገዝቷል። በመጪው ወር ድልደላ ልንጀምር ነው። ተቋራጩ “የከተማው የግንባታ ፈቃድ ካለ ሌላ አያስፈልግም” ይለናል። አንድ ምእመን ደግሞ የአቧራ ፈቃድ የሚባል አለ ብለውናል። የቱን እንመን?
*የሕንጻ ኮሚቴ ጸሐፊ፣ ግሌንዴል*

መልስ፦ ምእመኑን እመኑ። የአቧራ ፈቃድ የሚሰጠው የካውንቲው የአየር ጥራት መሥሪያ ቤት ነው፤ ከከተማው የግንባታ ፈቃድ ጋር አይገናኝም፣ አንዱ ሌላውን አይተካም። የካውንቲው ደንብ 310 እንደሚለው 0.10 ኤከር፣ ማለትም 4,356 ካሬ ፉትና ከዚያ በላይ መሬት የሚነካ ሥራ ያለዚህ ፈቃድ መጀመር አይችልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በልኬቱ ላይ ነው። የሚቆጠረው የሕንጻው መሠረት ብቻ ሳይሆን አፈር የሚከመርበት፣ ማሽን የሚቆምበትና መኪና የሚመላለስበት ቦታ ሁሉ ነው። የእናንተ መሬት እንኳን ሙሉው፣ ጥጉ ብቻ ቢነካ ከመጠኑ ያልፋል።

ከማመልከቻው ጋር የአቧራ መቆጣጠሪያ ዕቅድ ይቀርባል። በዚህ ላይ ለእያንዳንዱ ሥራ፣ ለቆረጣው፣ ለድልደላው፣ ለጭነቱ፣ ለአፈር ክምሩና ለመኪና መመላለሻው፣ አንድ ዋና መቆጣጠሪያ እና ዋናው ካልሠራ የሚተካ አንድ መጠባበቂያ ይጻፋል። “ውሃ እንረጫለን” ብሎ ማለፍ አይበቃም። ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ የቦቴው መጠን ስንት ጋሎን እንደሆነና የአፈሩ ዓይነት መገለጽ አለበት። ውሃውን ከእሳት አደጋ መስመር ለመቅዳት ካሰባችሁ ከከተማው የውሃ ክፍል ቆጣሪ ተከራዩ። ይህ ቀናት ስለሚወስድ ሥራው ሊጀመር ሲል የሚታሰብ ነገር አይደለም።

መሬታችሁ ከአንድ ኤከር በላይ ስለሆነ የሥራው ኃላፊና የውሃ ቦቴው ሾፌር የካውንቲውን መሠረታዊ የአቧራ ሥልጠና የወሰዱ መሆን አለባቸው፤ በየ3 ዓመቱ ይታደሳል። ንዑስ ተቋራጮችም ለየብቻቸው በካውንቲው ይመዘገባሉ፤ የምዝገባ ቁጥራቸውን ከውሉ በፊት ጠይቁ። አሮጌ ቤት የምታፈርሱ ከሆነ ደግሞ የአስቤስቶስ (በአሮጌ ሕንጻ ውስጥ የሚገኝ፣ ለሳንባ አደገኛ የሆነ ቃጫ) ምርመራና ከማፍረሱ 10 የሥራ ቀን በፊት የሚሰጥ ማስታወቂያ ሌላ ራሱን የቻለ ግዴታ ነው። የአቧራ ፈቃዱ ያንን አይሸፍንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አብዛኛው ችግር የሚመጣው ውሃ ባለመኖሩ ሳይሆን ውሃው ዘግይቶ በመድረሱ ነው። ማሽኑ መሬቱን ገልብጦት አቧራው ከተነሳ በኋላ ቦቴ እየሮጠ ቢረጭ የሚርሰው የላይኛው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ቀጣዩ የግሬደር ምላጭ ከሥሩ ያለውን ደረቅ አፈር ያወጣዋል። መፍትሔው ሊቆረጥ የታሰበውን ጥልቀት ያህል አስቀድሞ ማራስ ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ በአንድ ኤከር ላይ አንድ ኢንች ውሃ ማልበስ 27,154 ጋሎን ይፈጃል። ለአንድ ኤከር ተኩል ወደ 40,700 ጋሎን ይሆናል፤ ባለ 4,000 ጋሎን ቦቴ 11 ጊዜ መመላለስ ይኖርበታል ማለት ነው። ይህንን ሁሉ በአንድ ጠዋት ለመጨረስ አትሞክሩ። ለብዙ ጊዜ ደርቆ የቆየ ደቃቅ አፈር የመጀመሪያውን ውሃ አይቀበልም፤ ውሃው እላዩ ላይ ተንከባሎ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርድና ጭቃ ይሆናል። መጀመሪያ ቀለል ያለ እርጭት፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሁለተኛ፣ ማታ ሦስተኛ አድርጋችሁ ሌሊቱን እንዲሰርግ ተዉት። ጠዋት እስከምትቆርጡበት ጥልቀት ቆፍራችሁ አንድ እፍኝ አፈር አውጡና ጨብጡት። ተጠፍጥፎ ከያዘና በጣት ሲነኩት ከፈረሰ በቂ ነው። ከእጅ ላይ እንደ ዱቄት ከፈሰሰ ገና ነው። እጅ ላይ ከተለጠፈ በዝቷል፤ ያ ደግሞ በመኪና ጎማ አስፋልት ላይ ወጥቶ ሌላ ጥሰት ይሆናል።

ጥያቄ፦ የካውንቲው ተቆጣጣሪ ሲመጣ አቧራውን በምን ይለካል? በዓይኑ ብቻ ከሆነ ምን ያህል ይታመናል?
*የግንባታ ተቆጣጣሪ፣ ሜሳ*

መልስ፦ አዎ፣ በዓይን ነው፤ ግን የሠለጠነ ዓይን ነው። የሚለካው አቧራው ከጀርባው ያለውን እይታ ምን ያህል እንደሚጋርድ ሲሆን ወሰኑ 20 በመቶ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ግርዶሹ አስቀድሞ በመሣሪያ የታወቀ ጭስ እያዩ ይፈተናሉ፤ የምስክር ወረቀታቸውም በየ6 ወሩ ይታደሳል። በሥራ ቦታ ፀሐይን ከጀርባቸው አድርገው በየ15 ሴኮንዱ ያነባሉ፤ 12 ንባብ ይዘው አማካዩን ይወስዳሉ። 20 በመቶ ማለት ከጀርባው ያለው አጥር ወይም ዛፍ አሁንም በደንብ እየታየ ቀለሙ ፈዘዝ ያለበት ሁኔታ ነው። ሠራተኞች “ይሄማ ምንም አይደለም” የሚሉት አቧራ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ያልፋል። ግርዶሹ ከወሰኑ በታች ሆኖም አቧራው የይዞታችሁን ድንበር ተሻግሮ ወደ ጎረቤት ከገባ ጉዳዩ ለብቻው ያስጠይቃል።

ማሽን በማይሠራበት ቦታ ደግሞ የሚፈተሸው መሬቱ ራሱ ነው። ዲያሜትሩ 5/8 ኢንች፣ ክብደቱ ከ16 እስከ 17 ግራም የሆነ የብረት ኳስ ከአንድ ፉት ከፍታ ይለቀቃል። አንድ ፉት በአንድ ፉት በሆነ ቦታ ውስጥ ሦስት ቦታ ላይ ይጣላል። ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱን ጊዜ የመሬቱ የላይኛው ቅርፊት ሳይደቅ፣ ኳሱም በላላ አፈር ውስጥ ሳይሰምጥ ከቀረ ያ ቦታ አለፈ ይባላል። ፈተናው በሌሎች ቦታዎችም ይደገማል። ኳሱ ርካሽ ነው፤ ገዝታችሁ ዓርብ ማታ ራሳችሁ ሞክሩት። ቅዳሜና እሑድ ቦቴ የሚያንቀሳቅስ ሰው ስለሌለ ያልጠናው፣ ማለትም ላዩ ያልጠነከረው መሬት በነፋስ የሚነሳው ያኔ ነው።

ሌላው የሚታየው የዕለት መዝገባችሁ ነው። ስንት ሰዓት፣ የት፣ ስንት ጋሎን እንደረጫችሁ በየቀኑ ጻፉ። አንድ ሰው በአንድ እስክሪብቶ የሳምንቱን በአንድ ጊዜ የሞላው መዝገብ ያስታውቃል። የአንድ ሰዓት አማካይ የነፋስ ፍጥነት በሰዓት ከ25 ማይል ሲያልፍ ደግሞ አቧራ የሚያስነሳ ሥራ አቁሙ፣ ያቆማችሁበትን ሰዓትም መዝግቡ። በአሪዞና ሕግ ቅጣቱ ለአንድ ጥሰት በቀን እስከ 10,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ገልባጭ መኪና አለኝ፤ አፈርና ጠጠር አመላልሳለሁ። ጭነቱ ከተራገፈ በኋላ ባዶ መኪና ስነዳም ሸራ ማልበስ አለብኝ ወይ?
*ሾፌር፣ ቴምፒ*

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሁለት ምርጫ አለህ። ከሥራ ቦታው ከመውጣትህ በፊት የካሳውን (የጭነት ሳጥኑን) ውስጥ ታጸዳለህ፤ ካልሆነ ሸራ ታለብሳለህ። ጥጉ ላይ የቀረው ሁለት አካፋ አፈር በፍሪዌይ ፍጥነት ከኋላህ ላለው መኪና ደመና ነው። ጭነት ስትይዝ ሸራ ግዴታ ነው፤ አፈሩም በሚነካው በኩል ከካሳው ጠርዝ ቢያንስ 3 ኢንች ዝቅ ማለት አለበት። የኋላ መዝጊያው ጎማ አልቆ ወይም ወለሉ ተበስቶ እንደሆነ በየጊዜው እይ። ብዙ መፍሰስ የሚመጣው ከላይ ሳይሆን ከዚያ ነው።

በጎማ ተጎትቶ አስፋልት ላይ የሚወጣውን ጭቃ በተመለከተ የተዘረጋው ሁሉ ተደምሮ 25 ፉት ከደረሰ ወዲያውኑ ይጠረጋል፤ ከዚያ ካነሰ የሥራው ቀን ሳያልቅ። በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ ጭቃውን መልሶ አቧራ ስለሚያደርገው እያረጠቡ መጥረግ ወይም የሚመጥ መኪና መጠቀም ይሻላል። ሥራ ቦታው 2 ኤከርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም በቀን 100 ኪዩቢክ ያርድ አፈር ከገባ ወይም ከወጣ፣ መውጫው ላይ መቆጣጠሪያ መኖር አለበት። የተለመደው የጠጠር ንጣፍ ነው፦ 30 ፉት ስፋት፣ 50 ፉት ርዝመት፣ 6 ኢንች ውፍረት፣ ቢያንስ አንድ ኢንች የሆነ የታጠበ ድንጋይ። ወደ 28 ኪዩቢክ ያርድ ይፈጃል። ንጣፉ ለዘላለም አይሠራም። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት በጭቃ ሲሞላ ጎማ ማራገፉን ያቆማል፤ ያኔ በሎደር ገልብጦ ማላላት ወይም አዲስ ድንጋይ መጨመር ነው። የቦቴ ሾፌሮች መውጫው አጠገብ ውሃ እንዳያበዙ ንገራቸው። ንጣፉን የሚደፍነው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ለወደፊት ቤት ልሠራበት የገዛሁት ባዶ ቦታ አለ። ምንም አልሠራሁበትም፤ ልጆች ግን ሞተር ሳይክል ይነዱበታል። እኔ ምን አገባኝ?
*ወ/ሮ፣ ባክአይ*

መልስ፦ እመቤቴ፣ እንደ ባለቤትነትዎ ያገባዎታል። ደንብ 310.01 ባዶ መሬትንም ይይዛል። ቦታው ከ0.10 ኤከር ካላነሰና የተረበሸው ክፍል 500 ካሬ ፉት ከደረሰ ማጽናት የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። ያልተነካ የበረሃ መሬት የራሱ ቅርፊት ስላለው ነፋስ አያነሳውም። ሞተሩ የሰበረው ያንን ቅርፊት ነው፤ በራሱ እስኪያገግም ዓመታት ይወስዳል።

ቅደም ተከተሉን አይገልብጡት። መጀመሪያ መግቢያውን ይዝጉ፦ አጥር፣ ተራ በተራ የተቀመጡ ትላልቅ ድንጋዮች ወይም ምሰሶ፣ ከዚያም የማስጠንቀቂያ ምልክት። መግቢያው ሳይዘጋ የተደረገ ሁሉ በሁለት ቅዳሜ ይጠፋል። ቀጥሎ የተሰበረውን ቦታ ውሃ አጠጥተው ቅርፊት እንዲሠራ ይተዉት፣ ካልያዘም ጠጠር ያልብሱት። አረም ለማጽዳት ትራክተር አስገብተው አያሳርሱ፤ በማጨድ ሥሩ መሬት ውስጥ ይቀራል፣ አፈሩን ይይዛል። ማረስ ግድ ከሆነ ከማረሱ በፊትና በሚታረስበት ጊዜ ውሃ ያስፈልጋል፣ ሲያልቅም ማጽናት።

ጥያቄ፦ ከምግብ ቤታችን ጀርባ አስፋልት የሌለው ወደ 5,000 ካሬ ፉት ማቆሚያ አለ። አስፋልት ውድ ሆነብን። ማግኒዚየም ክሎራይድ የሚባለውን ብንረጭስ?
*ባለቤት፣ ፊኒክስ*

መልስ፦ ለፊኒክስ አንመክረውም። ይህ ጨው የሚሠራው ከአየር እርጥበት እየሳበ ነው፤ የአየሩ እርጥበት ከ33 በመቶ ገደማ በታች ሲሆን መሳቡን ያቆማል። በግንቦትና በሰኔ ቀን ቀን እርጥበቱ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ሲዘንብም ይታጠብና አጠገቡ ያለውን ዛፍ ይጎዳል። ጠጠር ይሻላችኋል። በ3 ኢንች ውፍረት ወደ 46 ኪዩቢክ ያርድ ይፈጃል። ደቃቅ የተቀላቀለበትን ርካሽ ጠጠር አትግዙ፦ የማቆሚያ ደንቡ በላዩ ላይ የሚገኘው ደቃቅ አፈር በካሬ ፉት ከ0.33 አውንስ እንዲያንስ ወይም ከ8 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል፤ ያ ርካሽ ጠጠር ደግሞ ደቃቁን ራሱ ይዞ ይመጣል። ጠጠሩ ከመልበሱ በፊት መሬቱን አርሳችሁ በሮለር ጠቅጥቁት፤ አለዚያ ጎማ እየጫነ ወደ አፈሩ ውስጥ ያሰምጠዋል። ከተማችሁ የራሱ የማቆሚያ ደንብ ስላለው ከመግዛታችሁ በፊት የመሬት አጠቃቀም (ዞኒንግ) ክፍሉን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ በአቧራ ውስጥ የሚሠራ ባለቤቴ ሳልና ድካም አልለቀቀውም። “ቫሊ ፊቨር” ሊሆን ይችላል ይላሉ። ይተላለፋል?
*እናት፣ ቻንድለር*

መልስ፦ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ልጆችሽን ከእሱ አትለይ። በሽታው በበረሃው አፈር ውስጥ ከሚኖር ፈንገስ ይመጣል፤ አፈሩ ሲቆፈር ዘሩ ከአቧራው ጋር ይተነፈሳል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ይታያል፦ ሳል፣ ትኩሳት፣ ድካም፣ የደረት ሕመም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም። ከተለመደ የሳንባ ምች ጋር ስለሚመሳሰል የባክቴሪያ መድኃኒት ተሰጥቶት ለውጥ ሳያመጣ የሚሰነብት ብዙ ሰው አለ። ሐኪሙ ዘንድ ሲሄድ በአፈር ቁፋሮ እንደሚሠራ በግልጽ ይንገር፣ የቫሊ ፊቨር የደም ምርመራም በስሙ ይጠይቅ። ስኳር ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የሰውነት መከላከያ የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሆነ ፈጽሞ አይዘግይ። ጥቁር ሰዎች በሽታው ከሳንባ ውጪ የመሠራጨት ዕድሉ ከፍ ያለባቸው መሆኑ ስለታወቀ እኛ ልናቀልለው አይገባም። በሥራ ላይ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ኤን 95 ጭምብል ይረዳል፤ ጨርቅ ወይም ሻሽ ግን ይህን አይከላከልም።

ጥያቄ፦ በቅጠል ማራገቢያ ማሽን ግቢ አጸዳለሁ። ወደ መንገዱ ማራገፍ ይከለከላል?
*የግቢ ጽዳት ሠራተኛ፣ ስኮትስዴል*

መልስ፦ ይከለከላል። ቆሻሻውን ወደ ሕዝብ መንገድ መንፋት አይቻልም፤ ማሽኑንም ባልጸና ባዶ አፈር ላይ ማስነሳት አይፈቀድም። አስፋልትና ኮንክሪት ላይ ወደ ግቢው ውስጥ እየነፋህ ሰብስበህ በከረጢት አንሳ። ጠጠር ላይ የማሽኑን አፍ ከመሬት ከፍ አድርገህ በዝቅተኛ ኃይል ሥራ። አፈር በበዛበት ጥግ ማሽኑን አጥፍተህ በሬክ (ባለ ጥርስ መጥረጊያ) ጎትት።